የ«ፕያሳ» ዘፈኖች ከነግጥማቸው ሲደመጡ

የህንድ ፊልም ዘፈን በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በዜማው ነው። ሂንዲ ሳያውቅ ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ዜማውን እያንጎራጎረ የወጣ ተመልካች ብዙ ሲሆን፣ ዘፋኙ የሚለውን የሚነግረው ግን አላገኘም። ግጥሙ ሳይገባ መቅረቱ ምን ያህል እንደሚያስቀር ለማሳየት በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው «ፕያሳ» የተባለው ፊልም የዘፈን ስብስብ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሙ «የተጠማ» ማለት ነው፤ ከአራዳው ፒያሳ ጋር ዝምድና የለውም። ፊልሙን ያዘጋጀውም፣ ቪጄ የተባለውን ሰሚ ያጣ ገጣሚ ሆኖ የተወነውም ጉሩ ዱት ነው። ዜማው የኤስ. ዲ. በርማን፣ ግጥሙ የሳሂር ሉድያንቪ ሲሆን፣ በእኔ ሚዛን የአልበሙ ዋና ባለቤት ገጣሚው ነው።

ለዚህ ፍርዴ አንድ ዘፈን ይበቃል። ቪጄ በአንድ አሳታሚ ቤት ግብዣ ላይ እንግዶችን ያስተናግዳል፤ ትታው የሄደችው የቀድሞ ፍቅረኛው የአሳታሚው ሚስት ሆና እዚያው ተቀምጣለች። እርሱም ፍቅራቸው በፍቅር የተመለሰላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ብሎ ይጀምርና፣ እኛማ እምቡጥ ስንለምን የእሾህ ጉንጉን ተሰጠን ይላል። በግጥሙ ውስጥ ስሟ የለም፤ ወቀሳም የለም። ያለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ክሱም ያለው ጥያቄው ውስጥ ነው። እንግዶቹ ጥሩ ግጥም ሰማን ብለው ሲያጣጥሙ፣ ቃሉ ለማን እንደተላከ ግን ያቺ ሴት ታውቃለች። የቪጄን ሌሎች ዘፈኖች ከተዋናዩ ጀርባ ሆኖ የሚዘፍንለት መሐመድ ራፊ ሆኖ ሳለ ይህን ብቻ ሄማንት ኩማር መዝፈኑም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ድምፁ ወፍራምና ዝግተኛ ስለሆነ፣ ልቅሶ ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር ለራስ እንደሚነገር ወሬ ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የማስቀምጠው የጉሩ ዱት ባለቤት ጊታ ዱት የዘፈነችውን የቤንጋል መንፈሳዊ መዝሙር መልክ ያለውን ዘፈን ነው። ለአማርኛ አንባቢ ይህን በሰምና ወርቅ ማስረዳት ይቀላል። ሰሙ በሂንዱ ትውፊት የምትታወቀው ራዳ አምላኳን ክሪሽናን ስትናፍቅ ነው፤ ወርቁ ደግሞ ቪጄን የምትወደው የጎዳና ሴት ጉላቦ ናት። ጉላቦ አትዘፍንም። መንገድ ላይ የሚዘመረውን እየሰማች ቪጄን ተከትላ ደረጃውን ትወጣለች፤ ጀርባው አጠገብ ከደረሰች በኋላ ግን ሳትነካው ትመለሳለች። ናፍቆትን በቃል ሳይሆን ባልተዘረጋ እጅ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ትዕይንት በዚያ ዘመን ፊልሞች ውስጥ ብዙ አላየሁም።

የራፊና የጊታ ቅብብል ቀለል ያለ ነው። እርሱ በፀጉርሽ መካከል የፍቅር አበባ ልጎንጉንልሽ ሲላት፣ እርሷ ፀጉሬን ነቅንቄ አበባውን ባራግፈውስ ትለዋለች። ጨዋታው ደስ ይላል፤ ጥልቀቱ ግን ከሌሎቹ አይደርስም። የሰዎችን ጭንቅላት ማሸት ሥራው የሆነ ሰው የሚዘፍነው አስቂኝ ዘፈንም ጆሮ ለማሳረፍ ያህል ነው።

ቪጄ በሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር እያለፈ በራፊ ድምፅ በህንድ የሚኮሩት የት አሉ ብሎ የሚጠይቅበት ዘፈን ግን የሳሂርን ሌላ ችሎታ ያሳያል። ግጥሙ ቀድሞ ታትሞ የነበረ ሲሆን፣ ለፊልሙ ሲዘጋጅ በፋርስኛ ቃላት የከበደው አዝማች ተራ ሰው በሚረዳው ቋንቋ ተተክቷል። ርዕሰ ጉዳዩ የወንድና የሴት ፍቅር አይደለም፤ ነገር ግን በግብዣው ላይ ፍቅር የተነፈገው ሰውና እዚህ የሚጮኸው ሰው ጥማታቸው አንድ ስለሆነ፣ ይህ ዘፈን ቢወጣ ስብስቡ ግማሽ ይሆን ነበር።

የድምፁ ጥራት የዘመኑ ነው፤ ዘፋኙ ጎልቶ ይሰማል፣ መሣሪያዎቹ ግን እርስ በርስ ይደራረባሉ። ከዚህ ይልቅ ያናደደኝ እኔ ያደመጥሁበት የሙዚቃ መተግበሪያ ዘፋኞቹን ዘርዝሮ የገጣሚውን ስም መተዉ ነው፤ ሳሂር በሕይወት ሳለ የህንድ ሬዲዮ ከዘፋኙና ከዜማ ደራሲው እኩል የገጣሚውን ስም እንዲጠራ የተሟገተ ሰው ነበር። ስለዚህ የግጥሞቹን ትርጉም ለብቻ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ከሄማንት ኩማር ዘፈን ጀምሩ፣ ከዚያም የጊታን መዝሙር አስከትሉ። ለመደነስ ወይም ለሠርግ የሚሆን የህንድ ዘፈን የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ አልበም ቢመርጥ ይሻለዋል።