የአሮጌ አውሮፕላን ብሬከር ላገኙልን ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው አሮጌ አውሮፕላን ይዛችሁ የብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቁልፉ ብቅ ብሎ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ) ያለህ ለምትሉ ሁሉ ነው። እኛን ከጭንቅ ያወጡንን ሰው ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ እዚህ ሜሪላንድ እቁብ ጥለን የገዛናት የ1968 ፓይፐር ቼሮኪ አለችን። ቬሮ ቢች፣ ፍሎሪዳ የተሰራች፣ ባለአራት ወንበር። ሞተሯ ደህና፣ ክንፏ ደህና። ያስቸገረን የአልተርኔተሩ፣ ማለትም ባትሪውን የሚሞላው ማመንጫ፣ ብሬከር ነው። ተነስተን ትንሽ እንደበረርን ቁልፉ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለን ባትሪው ብቻ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ የሚበር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በከተማዋ ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል ድረስ ያለ ራዲዮና ያለ ትራንስፖንደር (አውሮፕላኗን ለተቆጣጣሪዎች ራዳር የሚያስታውቀው መሣሪያ) መገኘት ቀልድ አይደለም። ባትሪው ካለቀ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

መፍትሄ ፍለጋ ያልረገጥነው ደጃፍ የለም። ቦታዎቹን አልጠራም፤ የተባልነው ግን አሁንም ያንገበግበኛል። አንዱ ጋ "ይህ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል፣ ፓነሉ በሙሉ ይቀየር" ተባልን። የተጠየቅነው ገንዘብ አውሮፕላኗን ከገዛንበት ብዙም አያንስም። ሌላው ጋ ከፌስታል ውስጥ ያገለገለ ብሬከር አውጥተው ሰጡን። ወረቀቱስ ስንል ትከሻቸውን ሰበቁ። ከየትኛው አውሮፕላን እንደወጣ፣ ማን እንደመረመረው የሚናገር የለም። ከሁሉ የባሰው ግን "ምን ያስጨንቃችኋል፣ ሲወጣ መልሳችሁ ግፉት" ያለን ነው። ሰው ለሚጫንበት አውሮፕላን እንዲህ ይባላል? ልጆቼን እኮ ነው ከኋላ የማስቀምጠው!

ጋሼን ያገኘናቸው ተስፋ ቆርጠን አውሮፕላኗን ለመሸጥ ስናወራ ነው። አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲጠግኑ የኖሩ፣ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ፈቃድ ያላቸው መካኒክ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እሳቸውም ለምደውታል።

ዋጋ አላወሩም። ብሬከሩን ፈቱት፣ በጨርቅ ወለወሉት፣ ከዚያ ማጉያ መነጽር አምጥተው ጎኑ ላይ ያለውን የደበዘዘ ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡት። ከዚያ በፊት ያንን ቁጥር ለማየት የሞከረ ሰው አልነበረም። የዕቃ መዝገባቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ዕቃው አልጠፋም። የተለወጠው የአምራቹ ስም ነው" አሉን። በቃ! በየሄድንበት የለም ሲባል የነበረው ዕቃ በሌላ ስም አዲሱ እየተሸጠ ነበር። አዘዙልን፤ ዕቃው ለአውሮፕላን ብቁ መሆኑን ከሚመሰክረው ወረቀት፣ ከነ8130-3 ፎርሙ፣ መጣ።

እኔን የማረከኝ ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። ከጎኑ ያለውንም ብሬከር አብረው እንዲለውጡልን ለመንናቸው። ሽቦውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው "ይሄኛው ጤነኛ ነው። ብሎኑ ነው የላላው፤ ሲላላ ደግሞ ይግላል" አሉና አጠበቁት። ሊሸጡልን ይችሉ የነበረውን ዕቃ አልሸጡልንም። የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙም አይገባኝም። ሐቀኛ ሰው ግን አውቃለሁ።

ልንሄድ ስንል አስቀምጠው ስለ አንድ አደጋ ነገሩን። በጁላይ 2007 ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ላይ ስለወደቀች ሴስና 310። በዋዜማው ያበረራት ሰው የሚቃጠል ነገር ሸቶት የራዳሩን ብሬከር አውጥቶ፣ ብልሽቱን ጽፎ አስመዝግቦ ነበር። በማግስቱ ሳትጠገን ተነሳች። አየር ላይ እሳት ተነሳባትና ቤቶች ላይ ወደቀች። እላይዋ ላይ የነበሩትና መሬት ላይ የነበሩት ተደምረው 5 ሰው ሞተ። "ለምን እንደወጣ ሳታውቁ መልሳችሁ እንዳትገፉት" አሉን። ያኛው ሰው "ግፉት" ያለን ትዝ ሲለኝ ሰውነቴ ራደ።

አባቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበር። እራት ቀርቦለት እንኳ "ያቺን ብሎን አጥብቄያታለሁ?" እያለ ይብሰለሰል ነበር። እናቴ ትቆጣዋለች፣ እሱ ግን አይሰማትም። አንዳንዴ ሌሊት ተነስቶ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ግቢው ይመለሳል። ጋሼ ያችን ብሎን ሲያጠብቁ አባቴን ያየሁት መሰለኝ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ብቅ ብሎ አያውቅም። ልጆቼም ሳልሰጋ ከኋላ ይቀመጣሉ።

እባካችሁ፣ ፓይፐርም ሴስናም ይሁን፣ ፓነል ቀይሩ ስትባሉ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለጋሼ ደውሉ። ደግሜ እላለሁ፣ መጀመሪያ ለሳቸው ደውሉ። የተበላሸውን ብሬከር እንዳትጥሉት፤ ቁጥሩን የሚያነቡት ከሱ ላይ ነው። የአውሮፕላኗን የጥገና መዝገብም ያዙ፣ ሳያዩት ስራ አይጀምሩም። ብቻቸውን ስለሚሰሩ ስልክ ካላነሱ መልእክት ተዉላቸው፤ ሳይመልሱ አያድሩም። እጃቸው ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።