ፊደል የሚያዩ ሰው አገኘሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምወዳቸውን ፎንቶች (የኮምፒውተር የፊደል ቅርጾች) ሰብስቤ በእጅ የተሠራች ትንሽ መጽሐፍ የማሳተም ሐሳብ ከያዘኝ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ፎንት አንድ ገጽ። ከላይ አንድ ትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ ሙሉ ገበታው፣ ከታች ደግሞ ስለ ፎንቱ ሁለት ሦስት መስመር ወሬ። ጋራሞንድ፣ ባስከርቪል፣ ፉቱራ አሉበት። ከእኛ ፊደል ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ የቁም ጸሐፊዎችን እጅ የሚያስታውሰኝ አቢሲኒካ፣ ሌሎችም። ንድፉን ራሴ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት። ማሳተሙ ብቻ ቀረኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ፍዳዬን አየሁ።

አንዱ ማተሚያ ቤት ፋይሉን ሲከፍቱት ግማሹ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆነ። "ችግር የለም፣ እናስተካክለዋለን" አሉኝ። እንዴት እንዳስተካከሉት ታውቃላችሁ? ሁሉንም ገጽ በአንድ ፎንት ቀይረው አተሙት! የፎንት መጽሐፍ እኮ ነው። ከላይ "ጋራሞንድ" ይላል፣ ከሥሩ ያለው ፊደል ሌላ። ስጠይቀው ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "ያው ይነበባል አይደል?" አለኝ። ሌላ ቦታ ወሰድኩት። እዚያ ደግሞ ጠርዙን ሲከረክሙ የፊደሎቹን አናት አብረው ቆረጡት። ገጹም ተዘበራርቆ 3 ከ14 ጎን ቁጭ ብሏል። ገንዘቤን የመለሰልኝ የለም። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሥራዬን እንደ ቅብጠት መቁጠራቸው ነው። "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልሻል?" ያላለኝ የለም።

ልተወው ስል ነው አንዲት ወዳጄ "አንድ ጠራዥ አሉ፣ እስቲ አናግሪያቸው" ያለችኝ።

ጋሼ ብቻ ልበላቸው፤ ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው ብለውኛል። ምን እንደምፈልግ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አራት ባዶ ወረቀት አነባብረው ከመሀል አጠፉና በእርሳስ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፉበት። "ልጄ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት አራት ገጽ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአራት በአራት ነው የሚሄደው" አሉኝ። ወረቀቶቹን ሲዘረጉልኝ 1 ከ16፣ 3 ከ14 ጎን ለጎን ናቸው፤ ተነባብረው ሲታጠፉ ግን ቁጥሩ በተራው ይሄዳል። ያ ሁሉ መዘበራረቅ ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው እንኳ ይህን ሊያስረዳኝ አልሞከረም።

ግን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይሄም አይደለም። ለሙከራ የታተመውን ገጽ ይዘው መስኮቱ ጋ ሄዱ። መነጽራቸውን አውልቀው አጉሊ መነጽር አነሱ፣ ገበታውን ፊደል በፊደል ማየት ጀመሩ። እኔ ቀለሙን የሚያዩ መስሎኝ ነበር። ድንገት ጣታቸውን "ቿ" ላይ አሳረፉና "ይቺ የዚህ ቤት ልጅ አይደለችም" አሉ።

አየሁ። ምንም አልታየኝም። ደግሜ አየሁ። እውነትም እግሯ ከጎረቤቶቿ ቀጠን ይላል፣ ቁመቷም በትንሹ ዘለግ ብሏል። ለካ ያ ፎንት "ቿ" የለውም! ኮምፒውተሩ ለማንም ሳይናገር ከሌላ ፎንት ተበድሮ ሞልቶታል። እንዴት እንደሚያደርገው አትጠይቁኝ፣ አላውቅም። ስንቱ ባለ ትልልቅ ማሽን ያላየውን እኚህ ሰው በዓይናቸው ለዩት። ምን ይሻላል ስላቸው "የሌላትን ክፍት ተዪው እንጂ በተውሶ አትሙዪው" አሉኝ። ተውኩት። አሁን ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ያን ክፍት ቦታ ነው።

ስፌቱን ቁጭ ብዬ አየሁ። በወስፌ ሦስት ቀዳዳ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ በቃ። ወረቀት የሚታጠፍበት አቅጣጫ አለው እያሉ ያስረዱኝን ግን ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልገባኝም። ብቻ እጥፋቱ አይሰነጠቅም፣ ሲገለጥም እሺ ይላል። እየሰፉ ወሬ ይወዳሉ። እንግሊዛዊው አታሚ ባስከርቪል በ18ኛው ክፍለ ዘመን በስሙ የሚጠራውን ፊደል ሲያወጣ "ቀጫጭን መስመሮቹ የአንባቢን ዓይን ያጠፋሉ" ብለው የወቀሱት እንደነበሩ ሳጫውታቸው "ለካ ዓይኔን ያደከመው እሱ ነው!" ብለው ሳቁ። በግዕዝ ፊደል መዝሙረ ዳዊት በ1513 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሮም ውስጥ መታተሙን ስነግራቸው ግን ሥራቸውን አቆሙ። "ያን ሁሉ ፊደል አንድ በአንድ በእጁ የለቀመው ሰው እጁ ይባረክ" አሉ። በዚያ ዘመን የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ነበራ የሚደረደረው።

የመጀመሪያዋን ቅጂ ፊደል ላስቆጠረችኝ ለታላቅ እህቴ ሰጠኋት። እንደ ድሮው በጣቷ እየነካች "ቸ ቹ ቺ" እያለች ወረደች። ክፍቱ ቦታ ላይ ስትደርስ "ይሄንን ደግሞ ማን በላው?" አለችኝ። እኔም ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ተረክሁላት።

እናም የግጥም ጥራዝ ይሁን፣ ማስታወሻ ደብተር ይሁን፣ የቤተሰብ ታሪክ ይሁን፣ በእጅ ማሠራት የምትፈልጉ ሁሉ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ፎንቶቻችሁን ከፋይሉ ጋር አብራችሁ መያዝ አትርሱ። አታቻኩሏቸው ደግሞ። ሥራ ከበዛባቸው "አሁን አልችልም" ብለው ቁርጡን ይነግሯችኋል፤ አትቀየሙ፣ ጠብቁ። መጠበቅ ያዋጣል፣ እመኑኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ይህን እንደማያዩት አውቃለሁ። ልጅዎ ግን እዚህ አለች፣ ታንብብልዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛዋን መጽሐፍ ይዤ እየመጣሁ ነው፤ ወረቀቱን አይጨርሱብኝ!