ሙዚቃ ለመስማት ሪሲቨር የምትፈልጉ የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ መጀመሪያ እኚህን ጋሼ አማክሩ

ሰላም ጎረቤቶች። ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። በራፋቸው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች ስለሚደረደሩ አታጧቸውም። ስማቸውና ስልካቸው እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ ኢንቦክስ ጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ሙዚቃ በደንብ የሚያሰማኝ፣ ኪስ የማይጎዳ ሪሲቨር እፈልግ ነበር። የዲሹን አይደለም፣ ስፒከር የሚሰካበትን የሆም ቴአትሩን ማለቴ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ያገለገለ ባለ 7 ቻናል (ሰባት ስፒከር ለየብቻ የሚያሰራ) አሳዩኝ። ሻጩ «ሺህ ዋት ነው፣ ሰፈሩን ታንቀጠቅጠዋለህ» አለኝ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ማንንም ማንቀጥቀጥ አልፈልግም። ብቻ ከመክፈሌ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንስቼ ለጋሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። «እንዳትገዛው፣ መጀመሪያ እኔ ጋ ና» ብለው መለሱልኝ።

ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሰራ ነው ማለት ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ እንዲሁ ብሰካው ኖሮ ያን ቀኑኑ አመድ ይሆን ነበር። በትራንስፎርመር ይሰራል፣ ግን ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚበቃው ትራንስፎርመር ከባድም ውድም ነው። ሻጩ ይሄን ትንፍሽ አላለም!

ከዚያ ጋሼ ጠየቁኝ፤ «ፊልም ልታይበት ነው ወይስ ዘፈን ልትሰማበት?» ዘፈን አልኳቸው። «ታዲያ 7 ቻናል ምን ያደርግልሃል? ዘፈን በአብዛኛው የሚቀረጸው ለግራና ለቀኝ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘፈኑን በአምስትና በሰባት ስፒከር በትነው የሚያጫውቱት ፕሮግራሞች ክራሩንም ድምፃዊውንም ከቦታቸው ያፈናቅሏቸዋል። በዚያ ላይ ያገለገለ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው በኤችዲኤምአይ ሰሌዳው (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያስተላልፈው ክፍል) ነው ይላሉ፤ ዘፈን ብቻ ለሚሰማ ሰው ደግሞ ያ ሰሌዳ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም።

የዋቱን ነገር በደንብ ስላስረዱኝ እዚህ ላስፍረው፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ስለሆነ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንዴ አንድ ቻናል ብቻ እየሰራ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ ላይ፣ ድምፁ 10 ፐርሰንት እስኪዛባ ተጨምቆ የተለካ ነው። የሚታመነው ሁለት ቻናል አብረው እየሰሩ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (ጆሮ የሚሰማው ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ሁሉ)፣ ከ1 ፐርሰንት ባነሰ መዛባት የተለካው ነው። ደግሞ ዋት እጥፍ ሆነ ማለት ድምፅ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ ከ50 ወደ 100 ዋት ብትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፣ ልብ ብላችሁ ካልሰማችሁ ልዩነቱ ላይታወቃችሁ ይችላል። ሳሎን ውስጥ በወሬ መሃል የሚሰማ ሙዚቃ ጥቂት ዋት ይበቃዋል። «ገንዘብህን ስፒከሩ ላይ አውለው» ነው ያሉኝ።

በመጨረሻ ያገለገለ የያማሃ ስቴሪዮ ሪሲቨር፣ አር-ኤስ202 የሚባለውን፣ ከሌላ ሰው ገዛሁ። ሁለት ቻናል፣ ብሉቱዝ ያለው፣ ለ220 ቮልት የተሰራ። ጋሼ ራሳቸው አብረውኝ ሄደው ፈተሹት። ኮሚሽን የለ፣ ምን የለ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ቀስ እያሉ አዞሩ፣ ጭርጭር ይል እንደሆነ። ግራና ቀኙን ለየብቻ አሰሙ። ከዚያ ሰዓት ያህል እየዘፈነ ተውትና ክዳኑን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከመጠን በላይ ግሎ እንደሆነ። የስፒከሮቼንም ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠናቸውን) አዩ፤ የስፒከሩ ኦም ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር ካነሰ ዕቃው ይግላል፣ ወይም ራሱን ያጠፋል።

ጉድለት የለውም አልልም። ኦፕቲካል መግቢያ (የቲቪ ድምፅ በብርሃን ገመድ የሚገባበት) ስለሌለው ቲቪዬን በራሱ በቲቪው የሄድፎን ቀዳዳ በኩል ነው ያገናኘሁት፣ ሸክላ ማጫወቻ ያለውም ሰው ለብቻው ፎኖ አምፕሊፋየር (የሸክላውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ያስፈልገዋል። ፊልም ዋና ነገራችሁ ከሆነ ይሄ ዕቃ አይሆናችሁም።

ቤት ድረስም መጡልኝ። ስፒከሮቹን ከጥግ አውጥተው ከግድግዳው ትንሽ አራቋቸው፤ ያ ጆሮ የሚደፍነው ቤዝ ወዲያው ረገበ። ውድ የስፒከር ገመድ ልግዛ ስላቸው ሳቁብኝና መደበኛ ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ቆርጠው አሰሩልኝ፤ ለሦስት ለአራት ሜትር እሱ ይበቃል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ በስታብላይዘር ተጠቀም፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሶኬት ንቀለው፣ ሲመለስ ነው የሚያቃጥለው። ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የመጡበትን ብቻ ነው፣ እሱንም ጨቅጭቄ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ሌሎቻችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት የቲቪ ጥገና ይበዛባቸዋል። የምትገዙትን ዕቃ የጀርባ ፎቶም ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።