ከቻይና በትዕዛዝ የመጣችልኝ ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና፦ አስመጪዎቹ አዲስ አበባ ድረስ ጎበዝ ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ግን...

ጎንደር ውስጥ ያየኝ ሁሉ «በስንት ገባችልህ? በማን በኩል?» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል። መኪናዋ ያገለገለች፣ ቻይና የተሠራች ቮልስዋገን አይዲ 4 ነች። ያስመጣልኝ አዲስ አበባ ያለ አስመጪ ነው። ስሙን አልጠራም፣ አሠራሩ ከሌሎቹ ብዙም ስለማይለይ ስሙ ያን ያህል አይጠቅማችሁም።

ለምን ኤሌክትሪክ ለምትሉ፣ ምርጫ የለማ! ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ የአሮጌ መኪና ነገር አብቅቶለታል። ዕድሜዋ የገፋ ቪትዝ ከዱባይ አምጥቶ ማትረፍ ቀረ፣ ታክሱ ከመኪናዋ ዋጋ በላይ ሆነ። ለኤሌክትሪክ መኪና ግን እኔ ሳስመጣ መንግሥት ቀረጡን አቅልሎት ነበር።

አስመጪዎቹን የምመሰክርላቸው ግዢው ላይ ነው። እዚህ ላይ ሙያ አላቸው። ቻይና ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ደውሎ መኪናዋን ዙሪያዋን አሳየኝ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የጎማውን ጥርስ አቅርቦ አሳየ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በፊት መስታወቱ በኩል አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ከመሪው ሥር መመርመሪያ ሰክቶ የባትሪውን ጤንነት በስልኩ አሳየኝ፦ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው 94 በመቶ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ ገንዘባችሁ ያለው እዚህች ቁጥር ላይ ነው። ኪሎ ሜትሩን ማንም ያወርደዋል፣ ቀለሙን ማንም ያሳምረዋል፣ ባትሪው ከደከመ ግን አለቀላችሁ። ይህን ለማሳየት የሚያንገራግር አስመጪ ካጋጠማችሁ ሻይ እንኳን ሳትጠጡ ውጡ።

ውሉም መጥፎ አልነበረም። ከሐምሌ 2016 በኋላ ምንዛሪው ለገበያ ስለተለቀቀ፣ ዋጋው በብር ተቆርጧል ወይስ ዶላር በጨመረ ቁጥር ይጨምራል የሚለውን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። እኔ በብር አስቆርጬ ስለነበር መኪናዋ መርከብ ላይ እያለች ዶላር ሲወጣ እንቅልፌን አላጣሁም። ቀረጡ ላይ ግን አንገራገጩኝ። የሰጡኝ ግምት በገዙበት ደረሰኝ የተሠላ ነበር፣ ጉምሩክ ደግሞ የራሱ የዋጋ መነሻ አለው። ልዩነቱን እኔ ከፈልኩ። ሥራቸው ይሄው ሆኖ ሳለ አላወቅንም ማለታቸው አልዋጥልህ ብሎኛል።

ጂቡቲ ወደብ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ሰው)፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱ)... ይሄ ሁሉ ያለ እኔ አለቀ። ቆይቷል፣ ግን አለቀ።

ችግሩ የሚጀምረው ውሉ መጨረሻ ላይ ካለችው «ርክክብ አዲስ አበባ» ከምትለዋ መስመር ነው። አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ ሰፈር ለሚኖር ሰው ምንም ማለት አይደለችም፣ ቁልፉን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። ጎንደር ግን 700 ኪሎ ሜትር አልፎ ነው። እየነዳችሁ እንዳትመጡ መንገዱ ላይ ባትሪ የት እንደምትሞሉ እግዜር ይወቀው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣቱም አለ፣ የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ያለው አማራጭ ሎቤድ፣ መኪና ጭኖ የሚወስደው ከባድ ተሽከርካሪ ነው። ሎቤዱን ራሴ ፈለግኩ፣ በደላላ ተከራከርኩ፣ መንገድ ላይ ብትጋጭ የማን ኪሳራ ነው የሚለውንም ራሴ ተዋዋልኩ። አስመጪው አንድ ስልክ ቁጥር እንኳን አልጠቆመኝም።

እቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ። አብሯት የመጣው ቻርጀር መሰኪያው ቻይንኛ ነው፣ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ። የእኛ ሶኬት ባለ ክብ ቀዳዳ ነው። በገበያ አዳፕተር ሞከርኩት፣ ብዙም ሳይቆይ ፕላስቲኩ መሽተት ጀመረ፣ ነቀልኩት። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቼ መሰኪያውን አስቀየርኩ፣ ከቆጣሪው ወፍራም ሽቦ ለብቻው አስጎተትኩ። አሁንስ ሰከንን ስንል ቻርጀሩ ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ እምቢ አለ። ምክንያቱ ኤርዝ ነው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ። ጎንደር ካለው ቤት ስንቱ ኤርዝ እንዳለው እንጃ፣ የእኔው አልነበረውም። ባለሙያው ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ከሰልና ጨው ጨመረበት፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ ሽቦውን አሰረ። ጎረቤቴ በአጥር አሻግሮ «ጠንቋይ ነው እንዴ የጠራኸው?» አለኝ። ቀዩ ግን አረንጓዴ ሆነ። አስመጪው «ቤትህ ኤርዝ አለው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ይሄ ሁሉ መኪናዋ ሳትመጣ ያልቅ ነበር። በቤት መብራት ከባዶ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ ማታ ማታ እየሰኩ መቀጠል ነው እንጂ ባዶ እስኪሆን መጠበቅ አያዋጣም። መብራት ሲጠፋ ያው መጠበቅ ነው።

ስክሪኑም ቻይንኛ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች እንዲህ ናቸው፣ የሚሸጥላችሁ ሰው ግን አይነግራችሁም። ማራኪ ሰፈር ያሉ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ሞክረው እጅ ሰጡ። ስልኬን አውጥቼ በካሜራ እያስተረጎምኩ አስፈላጊዎቹን ቁልፎች ለይቻለሁ። በየመሀሉ የምታወራ ሴትዮ አለች፣ አክስቴ የተሳፈሩ ዕለት «ማናት ደግሞ ይቺ?» ብለው አማተቡ።

መኪናዋን በራሷ ከጠየቃችሁኝ ግን ወድጃታለሁ። ለጎንደር ዳገት ተብላ የተሠራች ነው የምትመስለው። የፒያሳን አቀበት ሰው ሞልቼ ስወጣ ድምፅ የላት፣ ማቃሰት የላት። ወደ አዘዞ ስወርድ ደግሞ ፍሬን ሳልረግጥ ራሷን እየያዘች ትንሽ ባትሪ ትመልሳለች። ከነዳጅ ሰልፍ መገላገል ብቻውን ስንቱን ያስረሳል! የሚያሳስበኝ ባትሪዋ ሆዷ ሥር መዘርጋቱ ነው፣ የፈረሰ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ነው። ጎማና ፍሬን እዚሁ ጋራዥ ይሠራሉ። ኤሌክትሪኩ ከተነካ ግን ወደ አዲስ አበባ መደወል ነው፣ ዋስትና የሚባል ነገር ደግሞ ከቻይና አብሮ አልመጣም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከ10 ስምንት እሰጣቸዋለሁ። ለእኛ አምስት፣ እሱም ስለ ባትሪዋ ቁጥር ስላልዋሹኝ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ እስካሁን አልደረሰኝም። አስመጪው ትራንዚተሩ ጋ ነው ይላል፣ ትራንዚተሩ አስመጪው ጋ ነው ይላል።