በፋብሪካ ቀበቶ ትራክ ለምትነዱ፦ የአንገት መከላከያዬ ከወራት በኋላ

ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ላይ የሚነዳ ሰው ሄልሜት ለመግዛት አያቅማማም። አንገቱን ግን ይረሳዋል። እኔ ቶዮታ ጂአር86 ይዤ ከዋሽንግተን አካባቢ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው ሰሚት ፖይንት ትራክ እመላለሳለሁ። መኪናዋ የዘወትር መኪናዬ ናት፤ ሥራ የምሄደውም አስቤዛ የምገዛውም በሷ ነው። መቀመጫውንም ቀበቶውንም አልነካሁም። ከነዚህ ጋር ሲምፕሰን ሃይብሪድ ኤስ የሚባል የአንገት መከላከያ ማድረግ ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል።

ስለ አንገት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሃንስ የሚባለው መከላከያ ነው። ይገባዋልም። የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮበርት ሃባርድና የውድድር ሾፌር የሆነው አማቹ ጂም ዳውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሠሩት። ለዓመታት ግን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ታዋቂው የውድድር ሾፌር ዴል ኧርንሃርት ዳይቶና ትራክ ላይ የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ሲሞት ነገሩ ተለወጠ። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ድርጅት ናስካር በዚያው ዓመት የራስና የአንገት መከላከያን ግዴታ አደረገ። ፎርሙላ ዋን በ2003 ተከተለ።

ሃንስ ግን ብቻውን አይሠራም። እንደ ቀንበር ትከሻ ላይ ይቀመጥና ሄልሜቱን በማሰሪያ ይይዛል። እሱን ራሱን ወደ ታች ጨቁኖ የሚይዘው በሁለቱም ትከሻ የሚያልፈው የውድድር ቀበቶ ነው። የፋብሪካው ቀበቶ የሚያልፈው በአንድ ትከሻ ብቻ ነው። ግጭት ሲመጣ ያልታሰረው ትከሻ ወደፊት ይዞራል፣ ሃንሱም አብሮ ከቦታው ይሄዳል። አንድ ሱቅ ውስጥ «በማንኛውም ቀበቶ ይሆናል» ብለውኛል። አይሆንም! እንዲህ ብሎ መሸጥ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ሃይብሪድ ኤስን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ደረትና ጀርባ ላይ በራሱ ማሰሪያዎች ይታሰራል። ከሄልሜቱ የሚመጣው ማሰሪያ የሚይዘው የለበሳችሁትን እንጂ የመኪናውን ቀበቶ አይደለም። አምራቹም ከባለሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ማለትም ከተለመደው የፋብሪካ ቀበቶ ጋር መጠቀም እንደሚቻል ይናገራል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ኤስኤፍአይ 38.1 የሚለው የራስና የአንገት መከላከያ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው በውድድር ቀበቶ ተፈትኖ ነው። ስለዚህ ምልክቱን አይታችሁ «በኔም ቀበቶ ተፈትኗል» ብላችሁ አትደምድሙ። ዋናው ጥበቃ አሁንም ቀበቶውና ኤርባጉ ናቸው።

እንዲያውም የፋብሪካ ቀበቶ አንገትን በአንድ መንገድ ያግዛል። ሲጋጭ ትንሽ ይለቃል፣ ደረትና ጭንቅላት አብረው ወደፊት ይሄዳሉ፣ ኤርባጉ ይቀበላቸዋል። የውድድር ቀበቶ ደረትን ቀጥ አድርጎ ያስቀረዋል። ወደፊት የሚወረወረው ሄልሜት የተሸከመው ጭንቅላት ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው የውድድር ቀበቶ አስረው አንገታቸውን ባዶ የሚተዉ ሰዎች በጣም የሚያሳስቡኝ። ባለአራት ነጥብ (ሁለት ትከሻ ላይ፣ ሁለት ወገብ ላይ የሚታሰር) ቀበቶ ገዝተው የኋላ መቀመጫ ላይ የሚያስሩም አሉ። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ስለሌለው የትከሻው ቀበቶ የወገቡን ወደ ሆድ ይስበዋል፣ ሰውነትም ከሥሩ ይሾልካል። እባካችሁ፣ ለዚህ የተፈተነ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። መጀመሪያ እለብሰውና የደረቱን መቆለፊያ አጠብቃለሁ። ቀጥሎ ሄልሜት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች ቀጭ ማድረግ። መጨረሻ ላይ ቀበቶው። የወገቡ ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ዝቅ ብሎ መተኛት አለበት። የትከሻውንም መሣሪያው ላይ እንዳይታጠፍ በእጄ እየዳበስኩ አየዋለሁ። አሁን እጄ ስለለመደው ጊዜ አይወስድም።

በጣም የፈራሁት አንገት ማዞሩን ነበር። ማሰሪያው ስለሚንሸራተት ስፖኪዮ ለማየትም፣ ኩርባው መውጫ ላይ ቀድሞ ለማየትም አልከለከለኝም። በረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ፣ አንደኛው ኩርባ ጋ ፍሬን አጥብቄ ስይዝ እንኳ አይጎትተኝም። በሐምሌ ሙቀት ደረት ላይ ማሰሪያ መደራረብ ያልባል፣ እሱ አይካድም። ከመኪና ስወርድ አውልቄ ጥላ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። ስፌቱ እስካሁን ደህና ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሄልሜታችሁን እዩ። ስኔል ኤስኤ2015 የሚባለው የመኪና ውድድር ሄልሜት ደረጃ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ መያዣው የሚታሰርበት ቦታ ተዘጋጅቶለታል። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ግን ይህ የለውም፤ ራሳችሁ መብሳት ደግሞ አይሞከርም። የኤስኤፍአይ ምልክቱም በየአምስት ዓመቱ መታደስ አለበት። ያገለገለ የምትገዙ ቀኑን አንብቡ።

ዋጋው ከአራት ጥሩ የትራክ ጎማ ያንሳል፣ ጎማው ደግሞ በአንድ ወቅት ያልቃል። ነገ ኬጅ (መኪናው ሲገለበጥ የሚከላከል የብረት አጥር) እና የውድድር መቀመጫ ያለው መኪና ብይዝም ሌላ መግዛት አይጠበቅብኝም፤ ይኸው ከባለስድስት ነጥብ ቀበቶ ጋር ይሠራል።