ባለ 25 ዋት የእጅ ሜጋፎን፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስት ኮከብ ተኩል

ይህን ሜጋፎን የገዛሁት ለሠርግ አይደለም፣ ለልጆች የስፖርት ቀንም አይደለም። የቤት ኪራይ ስለጨመሩብኝ ነው። ከእኔ በፊት አስተያየት የጻፉለት ሰዎች በሙሉ የእግር ኳስ አሠልጣኞች ናቸው፤ ለሰልፍ እንዴት እንደሆነ የነገረኝ አላገኘሁም፣ በአማርኛማ ጭራሽ። ነገ እንደ እኔ ደብዳቤ ለሚደርሰው ሐበሻ ይጠቅም ይሆናል።

ዋጋው 34 ዶላር ነው። መልኩ ነጭ፣ አፉ ቀይ፣ እጀታው የሚታጠፍ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ ያለው። ሳጥኑ ላይ «እስከ ግማሽ ማይል ይሰማል» ይላል። ድንጋይ አብሮት አይመጣም። የሚበላው ደግሞ የሪሞቱን ቀጭን ድንጋይ ሳይሆን ወፍራሙን፣ ሲ የሚሉትን፣ ያውም ስድስት ነው። ይህን ያነበብኩት ከሪሞቱም ከግድግዳ ሰዓቱም ድንጋይ ነቃቅዬ አንዱም ልክ አልሆን ካለኝ በኋላ ነው። ድንጋዩ ሌላ 14 ዶላር። ስለዚህ ዋጋውን 48 ብላችሁ ያዙት።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ከሕንፃው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ፦ 1,620 የነበረው 1,890 ይሆናል። 270 ዶላር፣ ከመቶ 17 ገደማ። የኮቪድ ጊዜው ገደብ ከተነሳ ወዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየሕንፃው ይዘንብ ነበር። ሕጉ ከአከራይ የሚጠይቀው የ90 ቀን ማስታወቂያ ነበር እንጂ መጠኑ ላይ ልጓም አላደረገም። 90 ቀኑን በሥነ ሥርዓት ሰጡኝ። እኔ መሃል ዋሽንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። 270 ዶላር ማለት ለእኔ ሁለት ቀን ተኩል ምድር ቤት መቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። የጠራችን ጎረቤቴ ናት፣ ሳልቫዶራዊት፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ። ሦስት ማድረቂያ እየተንጓጓ፣ በስፓኒሽም በእንግሊዝኛም በአማርኛም ማን ምን እንዳለ የሚሰማ የለም። «ሜጋፎን ያስፈልገናል» አልኩ፣ ለቀልድ። በእኛ አገር ሐሳብ ያመጣ ሰው ሥራውም የእሱ ይሆናል፤ ኤል ሳልቫዶርም እንደዚያው ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ።

ዕቃው የመጣ ዕለት ሳጥኑን ታቅፌ ሊፍት ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጋሼን አገኘኋቸው። (ሕንፃው በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ሳልቫዶራዊቷም ጭምር።)

«ምንድነው እሱ የኔ ልጅ?»

ነገርኳቸው። ሊፍቱ ፎቃቸው እስኪደርስ ዝም አሉ። ሊወጡ ሲሉ «ለመሆኑ ዜግነትሽን ወስደሻል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ ጋሼ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያማ! በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ» አሉና በሩ ተዘጋ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ ታኮማ ፓርክ ለምትኖረው እኅቴ ደወልኩላት። ታኮማ ፓርክ ከእኔ ቤት በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፣ ያው ካውንቲው ውስጥ ነው፣ ደንቡ ግን ሌላ ነው። ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ ከ1993 ጀምሮ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፣ ከ2013 ወዲህ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። የኪራይ ጭማሪ ገደብም እኛ አሜሪካን ሳናውቃት በፊት የነበራቸው ነው። እኅቴ ሳቀችብኝ። «እኔ በግሪን ካርድ ከንቲባ እመርጣለሁ። አንቺ መንገድ ዳር ቆመሽ ኪራይ በዛብኝ ማለት ፈራሽ?»

መፍራቴ ከወረቀቱ ብቻ አልነበረም። እኔ ሰልፍ የማውቀው ሲያስወጡኝ ነው። በ1977 ዓ.ም. መስከረም 2፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር 12 ዓመቴ ነበር። ለዚያ ቀን ክረምቱን ሙሉ አሠልጥነውናል። ግራ እጅ ወደ ላይ፣ ጭብጥ፣ «ወደፊት!»። የቀበሌያችን ሰውዬ ሜጋፎን ነበራቸው፤ ማለዳ በሰፈሩ እየዞሩ የቀረ ቤተሰብ ከኅብረት ሱቅ ስኳር እንዳያስብ ይናገሩበታል። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ የቡና ረከቦቱን ትከድን ነበር፤ ለምን እንደምትከድነው ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚህ የዚህን ዕቃ ቃታ ሳሎኔ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫን ከውስጡ የሚወጣው የእሳቸው ድምፅ መስሎኝ ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኩ። የእኔው ቀጭን ድምፅ ነው፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል።

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ወጣን፣ 19 ሰው። ከተከራዮች ማኅበር የመጣች ልጅ አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ነገረችን፦ የእግረኛ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ሳሩ የባለቤቱ ነው፣ ሳሩን እንዳትረግጡ። ፖሊስ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ የመጣው የፖስታ ሰው ነው።

የመጀመሪያው የዕቃው ጉድለት እዚህ ታየ። መናገሪያው ቃታ ሥር፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀይ ቁልፍ አለ። ሳይረን ነው። እኔ በተንቀጠቀጠ እጄ «የተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን» ልል አፌን ስከፍት ኡኡታውን ለቀቀው። ውሻ ጮኸ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ሰው እሳት መስሎት በነጠላ ጫማ ወረደ። ጋሼም ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ወረዱ። እሳት አለመሆኑ ሲነገራቸው ስድስቱ ወደ ቤት አልተመለሱም፤ እንደወረዱ አብረውን ቆሙ። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ፣ ከእኛ ጋር ናቸው እንዳይባል፣ ግን ቆሙ። በዚህ ቁልፍ ምክንያት አንድ ሙሉ ኮከብ ልቀንስ አስቤ የነበረ ቢሆንም ስድስት ሰው ያመጣን ነገር ላይ መጨከን አልቻልኩም። ግማሽ ቀነስኩ።

ከዚያ መፈክር ማሰማት ጀመርኩ፣ «ኪራይ ይረጋ!» ብዬ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳልቫዶራዊቷ ፎቶ ስታነሳኝ አየኋት፤ ፎቶውን ማታ ሳየው በቀኝ እጄ ሜጋፎኑን ይዣለሁ፣ ግራ እጄ ደግሞ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ ጭብጥ ሆኖ። ማንም አላዘዘኝም። 39 ዓመት ሙሉ የት ተቀምጦ እንደነበር እንጃ።

ስለ ድምፅ ጥራቱ። ግማሽ ማይል የሚለው ውሸት ነው። መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሁለት ሕንፃ ያህል ርቀት ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጉምጉምታ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ «ጨ» እና «ጠ» ላይ ይሰነጠቃል። «ጭማሪ» ባልኩ ቁጥር ርችት የተተኮሰ ይመስል ነበር። ከአፍ ሁለት ጣት ያህል አራቁት፣ ይሻላል። ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳ ከዞረ ያፏጫል። እልልታ ደግሞ ጨርሶ አይችልም፤ ይታነቃል። አንዲት የወላይታ ልጅ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆና ያለምንም መሣሪያ ያስነካችው እልልታ ከ25 ዋቱ በልጦ ተሰምቷል። የሳልቫዶራዊቷ ልጆች ድስትና ማማሰያም እንዲሁ። ንፅፅር ለሚፈልግ፦ ድስት ዋጋው ዜሮ፣ ድንጋይ አይበላም፣ ሳይረን የለውም።

ድምፅ ቀድቶ ደጋግሞ የማጫወቻ ቁልፍም አለው። «ኪራይ ይረጋ» ብዬ ቀዳሁበት። ሲደጋግመው ፒያሳ የሚዞሩ የሎተሪ አዟሪዎች ይመስላል፤ ሰው ዕጣ ሊገዛ ኪሱን የሚዳብስ ነው የሚመስለው። ሊጠቅም ይችላል፣ ጉሮሮን ያሳርፋል። ግን ቁልፉ በቀላሉ ይነካል፣ እሱ ደግሞ ሮክቪል ስንሄድ ጉድ ሠራኝ።

የካውንቲው ምክር ቤት ያለው ሮክቪል ነው፤ የሄድነው የኪራይ ጭማሪን በሚገድበው ረቂቅ ሕግ ላይ ለመመስከር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም በቀዩ የሜትሮ መስመር ላይ ናቸው፣ ችግሩ መስመሩ እንደ ፈረስ ጫማ የተጠማዘዘ መሆኑ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለመድረስ ዋሽንግተን መሃል ወርዶ እንደገና መውጣት ነው። አንድ ካውንቲ ውስጥ ለመሄድ ሌላ ከተማ ዞሬ መጣሁ። ሜጋፎኑን በፌስታል ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ዱፖንት ሰርክል ስንደርስ ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ተጫነ መሰለኝ፣ ከፌስታሉ ውስጥ «ኪራይ ይረጋ! ኪራይ ይረጋ!» ማለት ጀመረ። የማጥፊያውን ቁልፍ ፍለጋ ፌስታሉን ስቀድ ከወዲያ ጥግ አንድ የማላውቀው ሰው ጋዜጣውን ሳያወርድ «አሜን» አለ።

ሮክቪል በር ላይ ጥበቃው ፌስታሉን ከፈተ፣ አየኝ፣ «ይግባ፣ ድምፅ ግን እንዳይወጣው» አለ። ድንጋዩን አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፦ ተከራይ አለ፣ አከራይ አለ፣ ሱፍ የለበሰም የሥራ ዩኒፎርም የለበሰም አለ። ለምስክርነቱ ዜግነት የጠየቀኝ የለም፤ ስም መመዝገብ ነው፣ ተራ መጠበቅ ነው። ጽሑፌን በአማርኛ ጽፌ የእኅቴ ልጅ ነበረች የተረጎመችልኝ። ተራዬ ሲደርስ ከአሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማይክ ለስላሳ ነው፣ «ጨ» አይሰነጥቅም፣ ትንፋሽ ሳይቀር ያነሳል። የጉልበቴን መንቀጥቀጥ እንዳያነሳ ሜጋፎኑን እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር። 270 የሚለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዴ ተሳስቼ፣ አንዴ አውቄ። ሰዓቱ ሲያልቅ መጨረሻዋን ገጽ አልጨረስኩም። አመሰገኑኝ፣ ቀጣዩ ሰው አከራይ ነበር፣ እሱም አልጨረሰም።

ሕጉ ላይ ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 18 ቀን ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ምድር ቤት ሁለተኛ ወለል፣ ስልክ በማይሰማበት። ለእረፍት ወደ ላይ ስወጣ የሳልቫዶራዊቷ መልእክት ገባ፦ «7-4» ብቻ። ሰባት ደግፎ አራት ተቃውሞ። ጭማሪው በዓመት ቢበዛ ከመቶ 6፣ ወይም የዋጋ ግሽበቱ ላይ 3 ተደምሮ፣ ከሁለቱ ያነሰው። 23 ዓመት ያልሞላው ሕንፃ አይካተትም፣ የእኛው ግን ከእኔ ያረጀ ነው። ተመልሼ ወደ ጋራዡ ወረድኩና ማንም እንደሌለ አይቼ እልል አልኩ። ሲሚንቶ እንዴት ያስተጋባል!

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ2024 ጁላይ 23 ነው፣ ስለዚህ የእኔን የ2023 ጭማሪ አልደረሰበትም። የእኛ አስተዳደር ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ 270ውን ወደ 150 አወረደው። ሜጋፎኑ ነው ብዬ አልምልም፤ በዚያ ወር አራት ቤት ለቅቆ ነበር። 150ውን ከፈልኩ።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስና ልጨርስ። ማሰሪያው በአራተኛው ወር ተበጠሰ፤ በጫማ ክር አስረነዋል። ድንጋዩ በአንድ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ሳይረን ካልነካችሁ። ሲደክም ጋሼ ወስደው መስኮታቸው ላይ ፀሐይ አሰጡት፣ አገር ቤት የሬዲዮውን እንደምናደርገው። አልሠራም፣ ለእሳቸው ግን ሠራ አልኳቸውና አዲስ ገዛሁ። ያ የተሰጣው ቀን ነው «እኔም አንድ ቀን ልያዘው?» ያሉኝ። ያዙት፣ ምንም አልተናገሩበትም፣ ክብደቱን ብቻ በእጃቸው መዘኑና መለሱልኝ።

ዋናው ስሕተት የእኔ ነው። ክረምቱን ድንጋዩን ሳላወጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተውኩት፤ ሲወጣ አረንጓዴ ዝገት ዙሪያውን ይዞታል። በሎሚና በጥርስ ብሩሽ አስለቀቅኩት፣ አሁን ይሠራል፣ አንዳንዴ መሃል ላይ ቁርጥ ከማለቱ በቀር። ለሕንፃችን ሰውና ለአጎራባች ሕንፃ በውሰት እሰጣለሁ። ድንጋይ ይዛችሁ ኑ፣ ወፍራሙን፣ ስድስት።