የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ፦ የ11 ወር ልምድ

እስከ 2016 ማብቂያ ድረስ ወደ ሕንፃችን የሚገባ ባለጉዳይ መታወቂያውን ለጥበቃ ያስረክባል፣ ስሙና ስልኩ በትልቁ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ቁጥር ያለው ባጅ አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሲወጣም ባጁን መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። በአዲስ አበባ ብዙ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን አሠራር ያውቀዋል። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ስለሚውል ተራ የሚጠብቅ ሰው ከእርሱ በፊት የገባውን ሰው ስምና ስልክ ቆሞ ያነብ ነበር። ከዚህ ይልቅ እኔን እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው ግን ሌላ ነው፦ በዚህ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ማን አለ ተብዬ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

የምሠራው ቦሌ አካባቢ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ስለሆንኩ የጥበቃው ሥራ በእኔ ሥር ነው። በቀን 100 ያህል ባለጉዳይ እናስተናግዳለን። በመዝገቡ ምትክ እንግዶችን በታብሌት የምንመዘግብበት ሶፍትዌር ውጭ አገር የተሠራ ሲሆን የገዛነው ከአገር ውስጥ ወኪል ነው። ዋጋው በዶላር የተተመነ በመሆኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቀድሞ የተሰጠን የዋጋ ማቅረቢያ አልሠራ ብሎ በጀቱን እንደገና ማስጸደቅ ነበረብን። ከሶፍትዌሩ ጋር ሁለት ታብሌት፣ አንድ የባጅ ማተሚያ እና መውጫው ላይ የሚቀመጥ የባጅ ኮድ ማንበቢያ ገዝተናል።

ገንዘቡን ያወጣንበት ዋና ምክንያት ሆኖ ያገኘሁት አንድ አገልግሎት ነው። ባለጉዳዩ እንደተመዘገበ የሚጠይቀው ሠራተኛ ስልክ ላይ የእንግዳው ስምና የመጣበት ጉዳይ ይደርሳል፤ ሠራተኛው «ይግባ» ካላለ ባጁ አይታተምም። ቀድሞ ጥበቃው በውስጥ መስመር ይደውል ነበር፤ ሰልፉ ሲረዝምና ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ግን የሠራተኛውን ስም አስተካክሎ የጠራ ሰው ሁሉ ያልፍ ነበር። በግንቦት ወር የፎቶኮፒ ማሽን ለመጠገን ተጠርቻለሁ ያለ ሰው በር ላይ ቀርቦ በፋይናንስ ክፍል የሚሠራ አንድ ባልደረባችንን ስም ጠራ። ባልደረባችን ማንንም እንዳልጠራ መለሰ፣ ሰውየውም ደውዬ ልመለስ ብሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። ምን አስቦ እንደመጣ መናገር አልችልም። በቀድሞው አሠራር ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማንም ሳያስቆመው ይወጣ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ከባዱን ትምህርት ያገኘነው በመውጫው በኩል ነው። ሶፍትዌሩን ስንጀምር የሰው መታወቂያ ይዞ ማስቀረትን በደስታ አቆምን፤ መታወቂያ ታይቶ ለባለቤቱ ይመለሳል አልን። ያላስተዋልነው ነገር ቢኖር ባለጉዳዩ ሲወጣ በጥበቃው ጠረጴዛ እንዲያልፍ ያስገድደው የነበረው ያ የተያዘ መታወቂያ መሆኑን ነው። በኅዳር ወር የእሳት አደጋ ልምምድ አድርገን ሁሉንም ወደ ግቢ ስናስወጣ ሶፍትዌሩ 31 እንግዶች ውስጥ እንዳሉ አሳየ፤ ግቢው ውስጥ ቆመው የቆጠርናቸው ግን 12 ነበሩ። አሥራ ዘጠኙ ባጃቸውን በኪሳቸው ይዘው ቀደም ብለው ሄደዋል። እውነተኛ እሳት ቢሆን ኖሮ ወደ 939 ደውለን ስናበቃ፣ የመጡትን የአደጋ ሠራተኞች ሕንፃው ውስጥ የሌሉ ሰዎችን ፈልጉ ብለን ወደ ጭስ ውስጥ እንልካቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥበቃ መውጫው ላይ ብቻ እንዲቆም አደረግን፤ የእያንዳንዱን ወጪ ባጅ ኮድ አስነብቦ ባጁን ይቀበላል። ሥራ ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ያልወጡ እንግዶች ዝርዝር ይታይና የተጠየቁት ሠራተኞች እየተደወለላቸው ይጣራል። በሰኔ በተደረገው ሁለተኛ ልምምድ በዝርዝሩና በግቢው መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ይህን ለውጥ ያመጣው መውጫው ላይ የቆመው ሰው ነው፤ ሻጩ በማሳያው ጊዜ ስለመውጫው አንድም ቃል አላነሳም ነበር።

ለእኛ አገር ያልተሰፋ መሆኑ ብዙ ቦታ ላይ ይታያል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ስለዚህ ሪፖርቱ ሰዎችን በአያታቸው ስም ይደረድራል። ከዚህ የባሰው የፊደል ነገር ነው። አንዱ ጥበቃ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፈዋል፣ «ፀሐይ» የተባለችው በሌላ ቀን «ጸሀይ» ትሆናለች፤ ሶፍትዌሩም እነዚህን የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ይመዘግባቸዋል። እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር በስም ብቻ የሚፈተሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ፊደል በመለወጡ ብቻ ዝርዝሩ ዋጋ ያጣ ነበር። አሁን ፍለጋውን በስልክ ቁጥር አድርገነዋል፤ ቁጥር መቀየር ቀላል ስለሆነ ይህም ሙሉ መፍትሔ አይደለም።

ሰዓቱም እንዲሁ አስቸግሮናል። አንዲት ባልደረባችን ለእንግዳዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቀጠሮ ብላ 2:00 ብትሞላ፣ ሶፍትዌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ወሰደውና እንግዳዋ ጠዋት ሲደርሱ ቀጠሮው አልፎበታል ተብለው በር ላይ ቆሙ። እንግዳዋ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ጥበቃው «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ባያቀርብላቸው ኖሮ ነገሩ ከዚያም በላይ ያሳፍረን ነበር። ወርሃዊው ሪፖርት በፈረንጆቹ ወር ብቻ የሚወጣ በመሆኑ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የፈረንጆቹን ጁላይ ሪፖርት ለሁለት ቆርጠን በእጅ ደመርን። በአማርኛው ትርጉም ደግሞ የሚጠየቀው ሠራተኛ «አስተናጋጅ» ተብሎ ስለነበር ባለጉዳዮች ምግብ ቤት የሚጠየቁ እየመሰላቸው ግራ ይጋቡ ነበር፤ «የሚጠይቁት ሠራተኛ» በሚል አስቀይረነዋል።

ስለ መረጃ አያያዝ ገዢዎች አስቀድመው እንዲያስቡበት አጥብቄ እመክራለሁ። ሶፍትዌሩ የእያንዳንዱን እንግዳ ፎቶ ማንሳት፣ መታወቂያውን በሁለቱም ገጽ መቅዳትና ሁሉንም ያለ ገደብ ማስቀመጥ ይችላል፤ ከወኪሉ እጅ ስንረከበውም ሁሉም ተከፍቶ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብና እንዳያቆይ ግዴታ አለበት። እኛ የመታወቂያ ቅጂውን ዘግተናል። ብዙ ሰው የፋይዳ መታወቂያ ይዞ ይመጣል፤ ጥበቃው መልኩንና ስሙን አስተያይቶ ይመልሳል እንጂ 12 አሃዝ ያለውን ቁጥር አይመዘግብም፣ ምክንያቱም ያ ቁጥር የሰውየው የዕድሜ ልክ መለያ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ጉብኝት የሚጠየቅ ነገር አይደለም። የምዝገባው መረጃ ከ90 ቀን በኋላ እንዲሰረዝ አድርገናል። ሰርቨሩንም፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ በራሳችን ሕንፃ ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ወኪሉ ውጭ አገር ያለውን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ የመረጃ ማከማቻ) በቅናሽ አቅርቦልን ነበር፣ አልተቀበልንም።

መብራት ሲጠፋ ታብሌቶቹ በባትሪያቸው ይሠራሉ፤ የኢንተርኔት ሳጥኑ ግን ወዲያው ስለሚጠፋ ለሠራተኛው የሚላከው መልእክት አይደርስም ነበር። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዝተን ችግሩ ተቃልሏል። የባጁ ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ፀሐይ በሚመታው ጥግ የቀሩ ባጆች በአንድ ቀን ይደበዝዛሉ፣ ኮዱም አይነበብም።

ሶፍትዌሩ ፈጽሞ ሊያየው ያልቻለው የምድር ቤቱን መኪና ማቆሚያ ነው። በመኪና የገባ እንግዳ ከዚያ በአሳንሰር በቀጥታ ወደ ፎቆቹ ይወጣ ነበር፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡትንም ማንም አይመዘግብም። በየካቲት አሳንሰሩ ከምድር ቤት ሲነሳ እንግዳ መቀበያው ባለበት ወለል ብቻ እንዲቆም አስደረግን። ደረጃው ግን አሁንም ክፍት ነው፤ የአደጋ መውጫ ስለሆነ ልንቆልፈው አንችልም። ከውስጥ ብቻ የሚከፈት በር እንዲገጠምለት ጥያቄ አቅርቤአለሁ።

ውሉን በነሐሴ 2017 ለአንድ ዓመት አድሰናል። ያደስነው የኢትዮጵያ አቆጣጠርና ሰዓት እንዲገባበት እንዲሁም ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግበት መንገድ እንዲሠራለት በውሉ ላይ ጽፈን ነው። በቀን ከ20 የማይበልጥ እንግዳ ለሚቀበል መሥሪያ ቤት ግን ይህን ወጪ አልመክርም፤ በጥበቃው እጅ ብቻ የሚጻፍና ከሌላ ሰው ዓይን የራቀ መዝገብ፣ ከማስገባት በፊት የሚደወል ስልክ እና መውጫው ላይ የሚቆም አንድ ሰው ይበቁታል።